የማን ስድስት ሰዓት?

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ሞላሁ አለኝ። ቁጭ ብዬ የማያስፈልገውን ሳጠፋ አመሸሁ። የሰርግ ቪዲዮ፣ ማን እንደላከው የማላውቀው የበዓል ካርድ፣ አራት ቦታ የተቀመጠ አንድ ፎቶ። ከመሀሉ አንድ የኤክሴል ፋይል ወጣ። ስሙ «የክሊፕ ፕላን የመጨረሻ የመጨረሻ 2» ይላል። ተማሪ የነበረ ሰው እንዲህ ዓይነቱን የፋይል ስም ያውቀዋል። ፈገግ ብዬ ከፈትኩት።

ከላይ ቢጫ የቀባሁት መስመር አለ። «ቅዳሜ ሚያዝያ 5፣ 6:00፣ ጣሪያ ላይ። አንድ ደቂቃ ማርፈድ የለም!» ፈገግታዬ እዚያው ቀረ። ፋይሉን ማጥፋት አቃተኝ።

ነገሩ የ2011 ነው። እኔ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፣ ጓደኞቼ ደግሞ ባንድ ነበራቸው። ባንድ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት ዘፋኝ፣ አንድ ጊታሪስት፣ ቤዝ የምትጫወት ልጅና አንድ ድራመር። የሚጫወቱት ሮክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሮክ እጫወታለሁ የሚል ተማሪ ምን ዓይነት ፊት እንደሚጠብቀው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጃኖ ባንድ ከእኛ በፊት መንገዱን ጠርጎልናል፤ ቢሆንም ዘመድ ቤት «ምንድን ነው የምትጫወቱት?» ስንባል አሁንም ጉሮሯችንን እንጠርግ ነበር። የዘፋኟ እናት የመጀመሪያ ቀን ሰምተው «ልጄ፣ ማን መታሽ?» ነው ያሏት። በኋላ ግን ግጥሙን ከሁላችንም ቀድመው የሸመደዱት እሳቸው ሆኑ፤ ዘፈኑ ስለፈረሰ ሰፈር ነበርና፣ የፈረሰውም የእሳቸው ሰፈር ነው።

እኔ አልዘፍንም፤ የምመታውም የምነፋውም የለኝም። ዕቅድ ማውጣት ግን እወዳለሁ። የፈተና ሰሞን ለራሴ ባለቀለም ፕሮግራም የማወጣ፣ ከዚያ በፕሮግራሙ ውበት ተደስቼ የምተኛ ዓይነት ሰው ነኝ። ስለዚህ «ክሊፑን አንተ ምራው» ሲሉኝ ዐይኔን አላሸሁም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ቢለኝም ሁለት ሳምንት ሙሉ ዩቲዩብ ላይ ስማር ስለከረምኩ በደንብ የተማርኩ ነበር የሚመስለኝ።

መቶ አርባው ሳጥን

ዘፈኑ 3 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 150 ምት። እኛ የምንቀርጸው በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ቋሚ ምስል። ይህን ሳሰላ አንድ ምት ልክ 10 ፍሬም ሆኖ ወጣልኝ። ከዐሥር ትንሽ ከፍ፣ ከዐሥር ትንሽ ዝቅ የለም። ልክ ዐሥር። አራት ምት አንድ ባር ነው፣ አንድ ባር 1.6 ሰከንድ፣ ዘፈኑ በሙሉ 140 ባር። ቁጥር የሚወድ ሰው ነገር እንዲህ ሲገጥምለት እግዜር ራሱ ክሊፑን የፈቀደለት ይመስለዋል።

25ቷንም በዘፈቀደ አልመረጥኳትም። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። መለማመጃ ክፍላችን ያለው ፍሎረሰንት ለዐይን ዝም ያለ ይመስላል እንጂ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። የካሜራውን መዝጊያ 1/60 ሰከንድ ስናደርገው ግድግዳው ሁሉ እንደ ውኃ ይርገበገብብናል፣ 1/50 ላይ ስናመጣው ጸጥ ይላል። ይህን ሳገኝ ለባንዱ በሙሉ ደውዬ ነበር። ማንም አልተደሰተም።

ኤክሴል ላይ 140 ሳጥን ሠራሁ። በየሳጥኑ ማን እንደሚታይ፣ ካሜራው የት እንደሚቆም፣ ከቅርብ ይሁን ከሩቅ፣ ፀሐይ በስተየት እንደምትሆን ጻፍኩ። ከ140ው 61ዱ ላይ ድራም አለ። ሮክ ነዋ! የአዝማቹን ቦታ ሰማያዊ ቀባሁት፣ እሱ በዝግታ የሚሄድ ነው። ዘዴው ቀላል ነው። በሰከንድ 50 ፍሬም ይቀረጻል፣ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ይለቀቃል፣ ዘፋኟ ከዚያ ጋር እየሮጠች አፏን ታንቀሳቅሳለች። በኋላ ምስሉ ወደ 25 ሲወርድ ፀጉሯም እጇም ይዘገያል፣ ከንፈሯ ግን ከዋናው ዘፈን ጋር ይገጥማል። ልምምዱን ያደረግነው ዶርም ውስጥ ነው። በእጥፍ ሲለቀቅ ያ ሁሉ ኀዘን የአይጥ ጭቅጭቅ ይሆናል። ስለፈረሰው የእናቷ ቤት ስትዘፍን ሳቅ እያፈናት፣ እኛም አልጋ ላይ እየተንከባለልን።

ብሩ 11,300 ነበር። ከየኪሳችን፣ ከየወንድሞቻችን፣ አንድ ሺውን ደግሞ ከጊታሪስቱ አክስት። ካሜራው የምርቃት ፎቶ የሚያነሳ ጓደኛችን ነው፣ ከነሰውዬው በነፃ። ድራም ኪራይ፣ ጀነሬተር ከነቤንዚኑ፣ አንድ ሞንታርቦ፣ የኮንትራት መኪና። ምግብ አላስጨነቀንም፣ ዐቢይ ጾም ስለነበር በያይነቱ ሁሉንም ያስማማል። (በፍስክ ሰሞን ለ12 ሰው ምሳ ያዘዘ ብቻ ነው ይህ ምን ዓይነት በረከት እንደሆነ የሚገባው።)

ረቡዕ ማታ ስድስት ኪሎ ካለች አንዲት ማኪያቶ ቤት ተሰብስበን ስለ ብርሃን ተነጋገርን። በዚያ ወቅት አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አርባ ደቂቃ ናት ወርቅ የምትሆነው። ከዚያ ካለፈ ያው ተራ ጠዋት ነው። ስለዚህ 11 ተኩል ላይ ጀነሬተሩ ተነሥቶ፣ 12 ሰዓት ላይ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ። ሁሉም ተስማማ።

ሁሉም ስል ከድራመሩ በስተቀር። እሱ ረቡዕና ዓርብ ማታ አንድ ሆቴል ውስጥ ይጫወታል፣ ትምህርቱን የሚከፍለው በዚያ ነው። «ለእሱ እኛ እንነግረዋለን» ተባለ። እኛ ማለት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ቀን ሠንጠረዡን ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። ፎርሙን ያወረድኩት ከፈረንጆች ነው፣ ሰዓቱ የሚጻፍበት ቦታ ላይ «6:00 ኤኤም» ይላል። ርዕሶቹን እንግሊዝኛ ተውኳቸው፣ ትልቅ ፕሮዳክሽን እንዲመስል። ከላይ ያለችውን መስመር ግን አማርኛ አደረግኳት። «ኤኤም» የምትለዋን ያጠፋኋት ያን ጊዜ ነው። አታምርም ብዬ።

ጣሪያው

ቦታው ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ያለ ጅምር ሕንፃ ነው፣ አምስት ፎቅ። የጊታሪስቱ አጎት የሚያውቋቸው ሰው ናቸው ባለቤቱ። ደረጃው ገና አልተሠራም። የሚወጣው በባሕር ዛፍ መረማመጃ ነው፣ አግድም አግድም በተመቱ እንጨቶች ላይ እየረገጡ። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ካቦርታቸውን ለብሰው እሳት እየሞቁ «በዚህ ሌሊት ማን ሞቶ ነው?» አሉን።

11 ተኩል ላይ ጣሪያው ላይ ነበርን። ዘፋኟ ብርዱን ነጠላ ደርባበት ትንቀጠቀጣለች። ከሰሜን እንጦጦ ጥቁር ሆኖ ተጋድሟል። ከታች ከየግቢው ጭስ መውጣት ጀምሯል። ድራሙ የለም። ድራሙ ያለው ድራመሩ ዘንድ ነው፣ ዓርብ ዕለት ከአከራዮቹ የተረከበው እሱ ነዋ።

ደወልኩ። ሴትዮዋ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩ፣ ዘጠኝ ጊዜ ያው መልስ።

ፀሐይዋ በሰዓቷ ወጣች። መጀመሪያ የነካችው ከየምሰሶው አናት የቀረውን ፌሮ ነው። የዛገ ብረት እንደዚያ ሲያምር አይቼ አላውቅም፣ ጫፍ ጫፉ ብቻ እሳት መስሎ። ካሜራማኑ «በለው፣ በለው!» ይላል። ዘፋኟን ብቻዋን ቀረጽን። ጊታሪስቱን ቀረጽን። ከዚያ ቤዟን። ከዚያ የሚቀረጽ ጠፋ፣ የቀረው ሳጥን ሁሉ ከኋላው ድራም አለበት። ባዶ ቦታ ፊት ለፊት ቆመን ብርሃኑ ከወርቅ ወደ ነጭ ሲለወጥ አየነው።

ከ1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለውን አላወራም። ቤንዚን እንዳያልቅ ጀነሬተሩን አጠፋሁት። ሰዉ ተኮራመተ፣ ተነጫነጨ፣ ተኛ። እኔ በውስጤ ንግግር እያዘጋጀሁ ነበር። ሲመጣ ምን እንደምለው ቃል በቃል።

ለ6 ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው መረማመጃው ሲንቋቋ ሰማን። መጀመሪያ ብቅ ያለው ቤዝ ድራሙ ነው፣ ትልቁ፣ ክቡ። ሲወዛወዝ እየወጣ፣ ማን እንደተሸከመው አይታይም። ከዚያ ከሥሩ የድራመሩ ፊት ወጣ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ለቀረጻው ብሎ። ድራሙን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና በሁለት እጁ ወገቡን ይዞ ሳቀ።

«ቀደምኳችሁ አይደል?» አለ።

ያው መልእክት

ንግግሬን ጀመርኩ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠበቅንህ፣ ሰው በብርድ ሞተ፣ ብርሃኑ አመለጠን፣ ሥራ እንደዚህ አይሠራም። እሱ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት እንደሳቀ ነበር። ቀስ በቀስ ፊቱ ተለወጠ። ዙሪያውን አየ። ሁላችንም ከተኛንበት እየተነሣን፣ ፊታችን ዐመድ መስሎ።

«ስድስት ሰዓት አይደል እንዴ ያላችሁት?» አለ።

ጊታሪስቱ በአፍንጫው ሳቀ። «አዎ፣ ስድስት ሰዓት፣ እንዴታ!» አለ፣ ምክንያት ፍለጋ መስሎት። ሌሎቹም እንደዚያው። ማኪያቶ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ንጋት ያወራ ሰው ሌላ ስድስት ሰዓት ሊታየው አይችልም።

እኔ ግን ገባኝ። እዚያው፣ በዚያችው ቅጽበት። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ቴሌግራሙን ከፈትኩ፣ ወደ ላይ ገፋሁት። «6:00።» ራቁቷን ቆማለች። ስልካችን የሚያሳየው በፈረንጅ፣ አፋችን የሚናገረው በሐበሻ፣ እኔ ደግሞ መሀል ላይ የምትለየውን ሁለት ፊደል አታምርም ብዬ ያጠፋሁ ሰው። 6:00 ብሎ በአማርኛ የተጻፈለት ሰው ቀትር ላይ ቢመጣ ምኑ ነው ጥፋቱ? ሌሎቹ በሰዓቱ የመጡት የኔን ሠንጠረዥ አንብበው አይደለም። ስብሰባው ላይ ስለነበሩ ነው። አንብቦ የመጣ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ሦስት ሰከንድ ያህል ይሆናል፤ በእኔ አቆጣጠር ሁለት ባር እንኳ አትሞላም። የስልኩን መብራት አጠፋሁና እንዲህ አልኩ፦

«ሁላችንም እኮ ያው መልእክት ነው የደረሰን!»

እዩዋት ዓረፍተ ነገሯን። ውሸት የለባትም። ለፖሊስ ብትሰጥ ትቆማለች። እውነትም ሁላችንም ያው መልእክት ደርሶናል።

ድራመሩ እጁን ኪሱ ከተተና ስልኩን አወጣ። አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ። «ይቅርታ» አለ፣ ለሁላችንም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቤዝ ድራሙን እግር መፍታት ጀመረ።

ለስድስት ዓመት ያንገበገበችኝ ያቺ ናት። አውጥቶ ማሳየት ሲችል መልሶ መክተቱ።

ነጠላው

ያን ቀን ቀትር ላይ ጣሪያ ላይ መቅረጽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በኋላ ነው የተረዳሁት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ ከአናታችን በላይ ታልፋለች፣ አንዴ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ አንዴ ነሐሴ ማለቂያ ላይ። ሚያዝያ 5 ከእነዚያ ቀኖች አንዱ ነው። 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ምሰሶዎቹ ጥላ አልነበራቸውም። የሰው ጥላ ጫማው ሥር ገብቶ ተደብቋል። እንዲህ ያለ ብርሃን ፊት ላይ ሲወርድ ቅንድብ ዐይንን ይሸፍነዋል፣ ሁሉም ሰው ዐይኑ ሁለት ጉድጓድ ይሆናል።

ድራመሩ ድራሙን ገጠመ። ሲምባሎቹ ላይ ቲሸርት ጣል አደረገባቸው፣ ያለዚያ ከሞንታርቦው የሚወጣውን ዘፈን ራሱም አይሰማውም። ከዚያ ወረቀቴን ተቀበለኝ። ሰማያዊዎቹን ሳጥኖች ሲያይ እንደገና ሳቀ፣ አሁን ግን ድምፅ በሌለው ሳቅ።

«ይሄ አዝማቹ ላይ በእጥፍ ነው የሚለቀቀው?»

«አዎ።»

«150 በእጥፍ ስንት ነው?»

መልሱን ሳልጨርሰው ገባኝ። 300። አፍ በእጥፍ ይሮጣል፣ ሳቅ ካልያዘው። እጅና እግር ግን? እሱ በዚህ ዘፈን ላይ ሃይሃቱን በሰከንድ አምስት ጊዜ ነው የሚመታው። በእኔ ዕቅድ ዐሥር ጊዜ ሊመታው ነው፣ በቀትር ፀሐይ፣ ሌሊቱን ሲጫወት አድሮ፣ አዝማቹ በመጣ ቁጥር። 140 ሳጥን ስሠራ፣ ፍሬም ስቆጥር፣ መዝጊያ ስለካ፣ ድራም የሚመታውን ሰው አንድ ጊዜ ደውዬ «ይሄ ይሆናል ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩትም። ባለቀለም ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው እንዲህ ነው። ሁሉም ነገር ሳጥን ውስጥ ስለገባለት ሰዉም የገባ ይመስለዋል።

መፍትሔውን ያመጣው እሱ ነው። በዝግታ የሚሄደውን ለዘፋኟ ብቻ ተዉት፣ እኔን በልኬ ቅረጹኝ፣ በዝግታ ከፈለጋችሁ ደግሞ አንዲት ምት ብቻ እመታለሁ፣ አንዲት ምት ከምንም ጋር መግጠም የለባትም አለ። ዘበኛውን «አባባ፣ ውኃ ይኖርዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው። ጀሪካናቸውን ይዘው አምስት ፎቅ ወጡ። ውኃውን ስኔሩ ላይ ትንሽ አፈሰሰና በ50 ፍሬም አንዴ ጓ አደረገው። ጠብታዎቹ ተነሥተው አየር ላይ ቆሙ። ከዚያ በራሱ ፎጣ ጠራርጎ አደረቀው፣ ዕቃው የሰው ነው ብሎ።

ፊቱ ግን አሁንም ጉድጓድ ነበር። ያኔ ዘፋኟ ነጠላዋን አወጣች። አራት ሰው ጥግ ጥጉን ይዞ እንደ ድባብ ከአናቱ በላይ ዘረጋው። ያ ሁሉ የፀሐይ ቁጣ በዚያች ስስ ጥጥ ውስጥ ሲያልፍ ለስልሶ፣ ወተት መስሎ ወረደበት። ዐይኖቹ ተመለሱ። በሺህ ብር የሚከራይ ዕቃ ከዚህ የተሻለ አይሠራም፣ ይህን አሁንም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እላለሁ። ክሊፑን ልብ ብሎ ያየ ሰው ሁለተኛው አዝማች ላይ በድራመሩ ትከሻ ላይ አንዲት ጠቆር ያለች መስመር ያያል። የጥለቱ ጥላ ናት።

ሦስት ሰዓት ያህል ሠራን። 9 ሰዓት ላይ ዝናቡ ከእንጦጦ በኩል መጣብንና ሁሉም አለቀ።

ጥቁርና ነጭ

ኤዲት ላይ ስንቀመጥ ሁለት የተለያየ ክሊፕ ነበር ያለን። ዘፋኟ በወርቅ ብርሃን፣ ድራመሩ በኖራ ብርሃን፣ በአንድ ጣሪያ ላይ፣ በአንድ ዘፈን ውስጥ። ቀለሙን ለማመሳሰል አንድ ሳምንት ለፋን። አልሆነም። በመጨረሻ ካሜራማኑ ደክሞት ቀለሙን ጨርሶ አጠፋው፤ ጥቁርና ነጭ ሆነ። ችግሩ ከሞላ ጎደል ተደበቀ።

ለተማሪ ስናሳይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሲያልቅ አንዲት ልጅ ተነሥታ ጥቁርና ነጭ ለምን እንዳደረግነው ጠየቀች። ማይኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ምን እንዳልኩ ሳስታውስ አሁንም ትራስ ውስጥ መግባት ያምረኛል። «የፈረሰ ሰፈር ትዝታ ቀለም የለውም» አልኩ። ተጨበጨበ። ድራመሩ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ አብሮ አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ እሱ በጓደኞቻችን መሀል «ስድስት ሰዓት» የሚል ስም ወጣለት። ቀጠሮ በተያዘ ቁጥር «ስድስት ሰዓት ይመጣል ወይ?» ይባላል፣ ይሳቃል። እኔም እስቅ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኛ ንጋት ያመለጠን ቀን የኔም እውነት አብሮት የጠፋ ነበር የሚመስለኝ። እሱ ጋር ስንገናኝ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከብደኛል። «አውቀህ ነው የተውከኝ፣ ማወቅህንም አውቃለሁ» የሚል ነገር። ስለዚህ ቀስ በቀስ መደወል ተውኩ። ሰው ውለታ ከዋለለት ሰው ይርቃል፣ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆንን አላውቅም።

ስልኩ

ፋይሉን ካገኘሁት በኋላ ሦስት ቀን አሰብኩ። በአራተኛው ደወልኩለት። አሁን ባንክ ይሠራል፣ ቅዳሜ ማታ ማታ ግን ዛሬም ይጫወታል። ስለ ልጁ፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራን። ከዚያ በቀጥታ ገባሁበት።

«ያን ቀን ጣሪያው ላይ ስልክህን አውጥተህ አይተህ፣ እኔን አይተህ፣ መልሰህ ከተትከው። ለምን አላሳየሃቸውም?»

«የቱን?»

«መልእክቱን። የላክሁትን።»

ዝም አለ፣ ሲያስታውስ። «ዝግ ነበር እኮ» አለ። «ሌሊቱን ሰፈር መብራት ጠፍቶ ቻርጅ አላደረግኩትም። ሰዓት ላይበት አውጥቼው ይሆናል።»

ጠዋት ዘጠኝ ጊዜ ደውዬ ዝግ ነው ያለኝን ስልክ፣ ቀን ላይ እየሠራ ነበር ብዬ ስድስት ዓመት ሙሉ አምኜበት ኖርኩ። ትልቅ ሰው ሆኖ ሸፈነኝ ብዬ፣ በትልቅነቱ እያፈርኩ። እሱ ያየው ጥቁር ስክሪን ነው።

«እሺ በኋላስ?» አልኩት። «ማታ ስትከፍተው አላየኸውም?»

«አየሁት። 6:00 ይላል። መጀመሪያ ሐሙስ ዕለት ሳነብበው ዓርብ ማታ እንደምጫወት አስባችሁ፣ ለኔ ብላችሁ ቀትር ያደረጋችሁት መስሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር እንዲያውም። ማታ ሳየው ግን ፎርሙ እንግሊዝኛ ነው፣ ያው በፈረንጅ ነው ማንበብ የነበረብኝ ብዬ። ሁላችሁም እኮ በሰዓቱ መጥታችኋል። ያው መልእክት ነው የደረሰን።»

የኔን ዓረፍተ ነገር ነው የመለሰልኝ፣ የኔ መሆኗን ሳያውቅ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀጠሮ ሲሰጡት ደውሎ «የጠዋቱ ነው የቀኑ?» ሳይል እንደማይሄድ ነገረኝ። ባንክ ቤት የሥራ ባልደረቦቹ በዚህ ይስቁበታል።

ነገርኩት። ስለ ማኪያቶ ቤቱ፣ ስለ «ኤኤም»፣ ስለ ሦስቱ ሰከንድ። ሳላቋርጥ፣ ሳላሳምር። ከወዲያ በኩል ድምፅ አልነበረም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ፋይሉ አለህ?» አለኝ።

ቢጫዋን መስመር ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። ሁለቱም ምልክት መጣ፣ አይቶታል። ከዚያ ጻፈልኝ፦ «የድሮው ግሩፕ ላይ ልለጥፈው?»

የባንዱ ግሩፕ አሁንም አለ። ማንም አይጽፍበትም፣ ማንም አልወጣም። ጣቴ እዚያው ስልኩ ላይ ቆሞ ቆየ። ከሦስት ሰከንድ በላይ። ከዚያ «ለጥፈው» አልኩት።

ይኸው ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው ያንን ግሩፕ ሆኗል። እስካሁን አልለጠፈውም።